የአርባ ዓመቱ ልጣጭ

በሺንሁይ ከተማ ሻይ ቤቶች የክዎንግን ወሬ ያልሰማ የለም። እናቱ ትታለት የሞተችው የደረቀ የመንደሪን ልጣጭ አርባ ዓመት ስለሞላው፣ ሽታው ብቻ አውሎ ነፋስ መልሷል ይላል። አንዷ ቁራጭ ኩሬ ውስጥ ወድቃ ዓሦቹ ሦስት ቀን ሲያገሱ ሰነበቱ ብሎም በእናቱ መቃብር ይምላል። ሰው ይስቃል፤ እሱም በሳቃቸው ይጠግባል።

ልጣጩ ግን እውነት ነበር። ቆጥ ላይ በገንቦ ታሽጎ ተቀምጧል፤ በየዓመቱ አውጥቶ ፀሐይ ያስመታዋል።

የልብ ወዳጁ ታም ሆዱ አመለኛ ነው። ሐሳብ ሲገባው ይቆርጠዋል፣ ወዲያው ያስሮጠዋል። የአንዲት ሴት ልጁ ሰርግ ሲቃረብ ባሰበት። እንደ ወጉ ሙሽሮቹ ለወላጅ ተንበርክከው ሻይ የሚያቀርቡለት የስምንት ሰዓት የአውቶቡስ መንገድ ተጉዞ ነው። መድኃኒት ቀማሚው አራት ነገር አብሮ እንዲቀቅል አዘዘለት፤ ሦስቱን ገዛ። አራተኛው ባረጀ ቁጥር የሚበረታው፣ ዋጋውም የማይቀመሰው ያረጀ የመንደሪን ልጣጭ ነበር።

«አያ ክዎንግ፣ ከእናትህ ገንቦ ቆንጠር አድርግልኝ።»

«ላንተ ሆድ? እሱ እኮ ለንጉሥ ሆድ ነው!»

«ቀልዱን ተው፤ ሆዴ አይስቅም።»

ክዎንግ የዘንድሮ ልጣጭ በጠቆረ ሻይ ዘፍዝፎ አደረቀና በቀይ ወረቀት ጠቅልሎ ሰጠው። አንድ ሁለት ቀን አስጠጥቶት ሻይ ቤት በሰው ፊት ሊስቅበት፣ ከዚያ እውነተኛውን ሊሰጠው ነበር። ታም ግን እንዳይረፍድብኝ ብሎ፣ ክዎንግ ያሰበው ቀን ሳይደርስ ያንኑ ጠጥቶ ተሳፈረ።

ሲመለስ ፊቱ ገርጥቶ ነበር።

«የመንገዱ እኩሌታ ላይ ሆዴ አስገድዶ አስወረደኝ፤ አውቶቡሱ ጥሎኝ ሄደ» አለ። «ስደርስ ልጄ ሻዩን ለባዶ ወንበር አቅርባ ጨርሳለች።» ከዚያ የክዎንግን እጅ ያዘ። «ያንተ ልጣጭ ባይኖር እኮ እኩሌታውም አልደርስም ነበር። ተባረክ።»

ክዎንግ ቤቱ ሄዶ ቆጥ ላይ ወጣ። ገንቦውን እንዳለ ተሸክሞ መጣና ታም ፊት አስቀመጠው።

«የሰጠሁህ የዘንድሮ ነው፤ በሻይ ያጠቆርኩት። የአርባ ዓመቱ ይሄ ነው።»

ታም ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ደግሞ ጀመርክ!»

«በእናቴ መቃብር!»

«ዓሦቹም ያገሱት በእናትህ መቃብር ነበር።»

ክዎንግ ሌላ የሚምልበት አጣ። ከገንቦው ትልቁን ቁራጭ መርጦ ቀቀለና ኩባያውን በሁለት እጁ አቀረበለት። ታም ጎንጨት አድርጎ አጣጣመው።

«መልካም ነው» አለ። «ያኛው ግን ይሻል ነበር።»