ሁለት አንዶች

1

አዳማ ባለው ዋና ቢሮ የኮምፒውተሮቹ ሁሉ አድራሻ በ192.168.1 ይጀምራል። የኔትወርክ መሣሪያው ከካርቶኑ ሲወጣ እንደዚያ ነበር። ማንም አልመረጠውም።

1

ሞጆ ያለው ቅርንጫፍም እንዲሁ።

(አንባቢ ሆይ፣ «1» ሁለቴ የተጻፈው በስህተት አይደለም። ችግሩ ራሱ ይኸው ነው።)

2

ህሊና የጭነት ማመላለሻ ድርጅቱ አዲስ የኔትወርክ ባለሙያ ናት። የሙከራ ጊዜዋ አርብ ያበቃል። እስከዚያ ሁለቱን ቢሮዎች ካላገናኘች ቋሚ አትሆንም። ዋና ሥራ አስኪያጁ አቶ ይርዳው ይህን ፈገግ ብለው ነግረዋታል።

ቢሮዎቹ በአንድ ዓይነት አድራሻ ከተገናኙ ግን የተላከው ሰነድ የትኛው ቤት እንደሚገባ አያውቅም። አንዱ ወገን «አንድ»ን መልቀቅ አለበት።

3

ሰኞ፣ በስልክ። ሦስተኛው ሰው የሞጆው ሥራ አስኪያጅ ጉደታ ነው።

ህሊና፦ ሞጆን ሁለት ብናደርገው...

ጉደታ፦ ሁለት? ጭነቱ መጀመሪያ የሚራገፈው እኛ ጋ አይደል እንዴ ጋሽ ይርዳው!

ይርዳው፦ ታዲያ ዋናው ቢሮ ሁለት ይባልልህ?

ጉደታ፦ እሱ አልወጣኝም። ሠራተኛው ግን ይስቅብኛል።

ህሊና፦ ቁጥሩን እኮ ማንም አያየውም።

ይርዳው፦ ምን አልሽ የኔ ልጅ? ጮክ በይ።

ህሊና፦ ምንም አይደለም ጋሼ።

4

ምንም አይደለም።

ድሮ ዕቃ ቤት በነበረችው የመሣሪያ ክፍል ውስጥ መስኮት የለም። በሩም ከውስጥ እጀታ የለውም፤ እንዳይዘጋባት በባዶ ካርቶን ደግፋዋለች።

ምንም አይደለም።

5

መውጫውን ታውቀዋለች። ለአዳማ በ10.40፣ ለሞጆ በ10.70 የሚጀምር አድራሻ። ሰፊ ነው፤ አንድም ሁለትም የሚባል የለም። ማክሰኞ ለአቶ ይርዳው ነገረቻቸው።

«ከአርባና ከሰባ የቱ ይበልጣል?» አሉ።

ወደ መሣሪያ ክፍሏ ተመለሰች።

6

ሐሙስ ከሰዓት። ሁለቱም እንደገና መስመር ላይ ናቸው። የቢሮው ስልክ የሚያልፈው በዚያው ኔትወርክ ነው። ህሊና ሁለቱንም አዲስ አድራሻዎች ጽፋ ጨርሳለች። አንድ ቁልፍ ቀርቷታል። ከነካችው መስመሩ ይቋረጣል።

ጉደታ፦ ኧረ ይለይልን! አንድ ማን ነው?

ይርዳው፦ ህሊና፣ ተናገሪ እንጂ! አንድ ማን ነ

7

 

የመሣሪያው ማራገቢያ ድምፅ ብቻ።

8

መብራቶቹ አረንጓዴ ሆኑ። መጀመሪያ የቱ እንደበራ አላየችም፤ ማየትም አልፈለገችም። አዳማና ሞጆ ተገናኝተዋል።

ስልኩ ጮኸ። አነሳችው።

ይርዳው፦ ይሄን አርባ የሚል ቁጥር ማን ነው የመረጠው?

ህሊና፦ እኔ ነኝ ጋሼ።