ከጣሪያ ላይ ያዩት

"እዚህ ጋ ነው እማማ፣ ከስምዎ በላይ ይፈርሙ" አለ ጠበቃው ብዕሩን ለሳንቶክ እያቀበለ።

ሳንቶክ መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱ፣ ኪሾር ተደበደብኩ ባለበት ቀን እሳቸው ሱራት ከተማ፣ ልጃቸው ዘንድ ነበሩ ይላል። ውሸት! እንኳን ሱራት ሊሄዱ፣ ከግቢያቸውም አልወጡም። ጠፍጣፋው ጣሪያቸው ላይ በርበሬ እያሰጡ ነበር።

ተከሳሹ፣ ጎረቤታቸው ቪራም አጠገባቸው ተቀምጦ እግሩን ያርገበግባል። "ፈርሚ እንጂ አክስቴ፣ አምስት ሰዓት ላይ ችሎት እንጠራለን።"

"ካልፈረምኩስ?"

"በተከሰስንበት የዘር ጥቃት ሕግ ስድብ የሚያስከስሰው ሰው ፊት ከሆነ ነው" አለ ጠበቃው። "ኪሾር ምስክር ብሎ የጠራው እርስዎን ብቻ ነው። አልነበርኩም ካሉ፣ ዳኛው ክሱን እንዲሰርዙልን እንጠይቃለን።"

"ተራ ጠብ እኮ ነው!" አለ ቪራም። "ለአንድ ጥፊ ይሄ ሁሉ!"

አንድ ጥፊ! ኪሾር የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው፤ ዳሊት፣ ማለትም አይነኬ ከሚባሉት ከዝቅተኛው ዘር ነው። የዚያን ቀን እንደ መንደሩ ወግ "ጌታዬ" በማለት ፈንታ "ወንድሜ ቪራም፣ ቆጣሪውን ላንብብ" አለው። በቃ፣ ጥፋቱ ይቺው ናት። ቪራም "ወንድሜ? አንተ የፋቂ ልጅ፣ ከመቼ ወዲህ ነው የተዛመድነው?" ብሎ በአካፋ እጀታ ክንዱን ሰበረው። ኪሾር ከወደቀበት ቀና ሲል ጣሪያ ላይ ሳንቶክን አያቸው። እሳቸውስ ምን አደረጉ? ጎንበስ ብለው ተደበቁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር የላቸውም።

ግን ቪራም ክፉ ሆኖባቸው አያውቅም። ባላቸው ሲታመሙ ሆስፒታል ያመላለሰው፣ ሲሞቱም ቃሬዛውን ከፊት የተሸከመው እሱ ነው።

"ቪራሜ፣ ይቅርታ ብትጠይቀውስ?"

"እኔ? እሱን?" ሳቀ። ወዲያው ግን ፊቱ ተቀየረ። "ስሚኝ አክስቴ፣ መንደሩ በሙሉ አንቺን ነው የሚጠብቀው። ነገ ስትሞቺ ማን ይሸከምሻል? ኪሾር?"

 ሳንቶክ ፈሩ፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ፈሩ። ልጃቸው ሩቅ ናት፤ ከቪራም ሌላ በራቸውን የሚያንኳኳ የለም።

"ደግሞስ ጣሪያ ላይ እንደነበሩ ማን ያውቃል?" አለ ጠበቃው ለስለስ ብሎ።

"ኪሾር ያውቃል። ዓይን ለዓይን ተያይተናል እኮ!"

ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አስቀምጠው ተነሱ። ቪራም ክንዳቸውን ያዘ። ቀስ ብለው ጣቶቹን አላቀቁና ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ያገኙት ፖሊስ የዐቃቤ ሕጓን ክፍል በአገጩ አሳያቸው።

ወጣቷ ዐቃቤ ሕግ ከፋይሏ ላይ ቀና ሳትል "የማን ወገን ነዎት?" አለቻቸው።

"የቪራም ጎረቤት ነኝ። ለእሱ እንድፈርም ነበር ያመጡኝ። ያየሁትን ልነግርሽ ነው።"

ይሄኔ ቀና አለች፤ ወንበርም ሳበችላቸው። "እሺ እናቴ፣ ይንገሩኝ። ልጻፍ?"

"ጻፊ" አሉ ሳንቶክ። "መጀመሪያ ግን ተደብቄ እንደነበር ጻፊልኝ።"