የወያላው ልጅ

ሐናን ጧት ስትነቃ ሆዷ ዝም ብሏል። ሌላ ቀን ገና ዓይኗን ሳትገልጥ የሚራገጠው ልጅ ዛሬ የለሁም አለ። የስምንት ወር ጽንስ ደግሞ እንዲህ አይኮራም።

በግራ ጎኗ ተኛች፤ ምንም። ቀዝቃዛ ውኃ ጠጣች፣ ተምር በላች፤ ምንም። ተነሥታ ከበሩ እስከ አጥሩ ትመላለስ ጀመር።

«ተቀመጪ አቦ» አለች አማቷ ሃሊሞ። «ሙቀቱ አስተኝቶት ነው።»

«ሆዮ፣ እናቴ፣ አንቺ ስንት ወልደሻል። እንዲህ ዝም ያለሽ ልጅ አለ?»

ወሬ የማያልቅባት ሴት ዝም ስትል ሐናን ይበልጥ ፈራች። ሃሊሞም ሻሿን አጥብቃ ባጃጅ ፍለጋ ወጣች።

ባጃጅ ግን ከየት ይምጣ? ከተራራው የወረደው ጎርፍ የደቻቱን ወንዝ ሞልቶታል፤ ድልድዩ ላይ መኪናው ሁሉ ተጠላልፎ ቆሟል። ጤና ጣቢያው ደግሞ ማዶ ነው። ሐናን ለባሏ ለዋበሪ ደወለች። «ልጁ አልተንቀሳቀሰም» ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም።

ዋበሪ የታክሲ ወያላ ነው። ተራ ላይ ድምፁ ሌላ ሰፈር ይሰማል፤ ቤቱ ሲገባ ግን ምላሱን በር ላይ ጥሎ ነው የሚገባው። ሐናንም እዚያው ተራው ላይ ሳምቡሳ ስትሸጥ ጥሪውን እየሰማች ትውል ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ነው ሃሊሞ «ፀሐዩ ይገድልሻል» ብላ ቤት ያስቀመጠቻት። ማታ ማታ ሐናን «እስቲ ልጅህን አናግረው» ስትለው «ላላየሁት ሰው ምን እላለሁ?» ብሎ ያፍራል። ይህ ነገር አንጀቷን ያቃጥላት ነበር።

ድልድዩን በእግሩ ተሻግሮ፣ ላብ አጥምቆት ደረሰ። ሃሊሞም ባዶ እጇን ተመልሳለች።

«ማዶ ባጃጅ አቁሜያለሁ። እስከ ድልድዩ ቀስ እያልን እንሂድ» አለ።

«መጀመሪያ አናግረው። ሳታናግረው አልነሣም።»

ተንበረከከ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ... አባትህ ነኝ» አለ በሹክሹክታ። ሆዷ እንደ ድንጋይ ዝም አለ። የሐናን እንባ ወረደ።

«ይሄንን ሰውዬ መቼ ያውቀዋል?» አለች ሃሊሞ። «የሚያውቀውን ሰው አምጣለት።»

ዋበሪ እናቱን አየ፤ ሚስቱን አየ። ከዚያ ተራ ላይ ሰፈር ሲጠራ እንደሚያደርገው እጁን አፉ ላይ አድርጎ ድምፁን ለቀቀው።

«ሳቢያን! ሳቢያን! ከዚራ! አንድ ሰው የቀረው ከዚራ!»

ጎረቤታቸው ካልቱን መኪና የመጣ መስሏት ዘንቢሏን ይዛ ብቅ አለች። ሐናን ጎኗን ያዘች። የመጀመሪያው ርግጫ ስስ ነበር፤ ሁለተኛው ቀሚሷን አነሣው።

«ጨምር» አለች እያለቀሰች። «ወላሂ እንዳታቆም።»

ጤና ጣቢያ መሄዱ አልቀረም፤ የልጁ ልብ ካልተደመጠ ልብ አያርፍም። ሐናን ክንዱን ተደግፋ፣ ሰው እየዞረ እየሳቀባቸው፣ ዋበሪ መንገድ ሙሉ ጠራ። ዋሂል አለ፤ ጀልዴሳ አለ፤ መኪናው ደርሶበት የማያውቀውን ሁሉ ጠራ። ድልድዩ አጠገብ ሲደርሱ የሚያውቀው ቦታ አለቀበት። ዝም አለ። ልጁም ዝም አለ። ሐናን ክንዱን ጨመቀችው።

ዋበሪ ወደ ሆዷ ጎንበስ አለ፤ ድምፁን ግን አልቀነሰም።

«ቤት! ቤት! አንድ ሰው የቀረው ቤት!»