አረንጓዴው እግር

ዳርንሊ ግሪኒጅ በዶሚኖ ጠረጴዛ ላይ የሚፈራ ሰው ነበር። ከሚጣለው ድንጋይ ይልቅ የሰውን ፊት ያነባል። ስለዚህ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ማርቫ ቀጭን የናይለን ክር ይዛ እግሩ ሥር ስትቀመጥ፣ ይህም አንድ ዙር ጨዋታ ነው ብሎ ተዘጋጀ።

«ክሩ ሲነካዎት ‹አዎ› ይበሉ። ካልተሰማዎት ዝም» አለችው።

«እኔ አልቆሰልኩ። ምን ብዬ ነው የምለካው?»

«የቆሰለማ ራሱ እያነከሰ ይመጣል፣ አቶ ግሪኒጅ። እኔ የምፈልገው ገና የሚቆስለውን ነው።»

በሲስተር ማርቫ ጣቢያ ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሁሉ እግሩ ምን ያህል እንደሚሰማው እየታየ በሦስት ቀለም ይለያል። አረንጓዴ በዓመቱ ይመለሳል፤ ቢጫ ቶሎ ቶሎ ይታያል። ቀይ የወጣለት ግን በየወሩ ይመጣል፣ ድብልብል ያለ ጥቁር ጫማ ይሰጠዋል፣ በባዶ እግሩ እንዳይሄድም ይከለከላል። ዳርንሊን ያስፈራው ይኸው የመጨረሻው ነው። ከአውቶቡስ ሹፌርነት በጡረታ ከተገለለ ወዲህ፣ ጎህ ሲቀድ ከጓደኞቹ ጋር ባሕር ገብቶ መንግሥትን ሳያማ የዋለበት ቀን የለም። ባርቤዶስ ውስጥ ደግሞ ባሕር በጫማ የሚገባ ቱሪስት ብቻ ነው።

ክሩ መንካት ጀመረ። ዳርንሊ ምንም አልተሰማውም። ነገር ግን ሲስተር ማርቫ ክሩን በጫነች ቁጥር ከንፈሯን ሰብሰብ ታደርጋለች።

«አዎ» አለ። «አዎ።» አንድ ጊዜ ሆን ብሎ ዝም አለ፤ ሁሉንም ዙር የሚያሸንፍ ተጫዋች ይጠረጠራላ። ከዚያ እንደገና «አዎ»።

አረንጓዴ ወጣለት።

በማግስቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ድሉን ለሴልዊን አወራለት። ሴልዊን ዓሣ አጥማጅና የዶሚኖ ጓደኛው ነው።

«እና ማንን አሸነፍክ?» አለው ሴልዊን።

«እሷን ነዋ!»

«እሷማ እግሯ ይሰማታል።»

ዳርንሊ ቀና ብሎ ሰማዩን አየና ስለ ክሪኬት ጨዋታው አነሳ። እያወራ ከውሃው ወጣ፣ እያወራ አሸዋው ላይ ተራመደ። ከኋላው የሚመጣው ሴልዊን ቆመ።

«አንተ ሰውዬ፣ የባሕር ጃርት ረግጠሃል እኮ!»

የዚያች ትንሽ የባሕር እንስሳ ጥቁር እሾሆች ተረከዙ ላይ እንደ ጢም ተተክለዋል። የባሕር ጃርት የረገጠ ሰው ይጮኻል፣ ይዘላል፣ የማያምን ቢሆን እንኳ እግዚአብሔርን ይጠራል። ዳርንሊ የጠራው የክሪኬቱን አምበል ብቻ ነበር።

መድኃኒቱን ግን በዳርቻው የማያውቅ የለም። የሻማ ሰም ይንጠባጠብበታል፣ እሾሁ ከሰሙ ጋር ይወጣል። ሴልዊን ከጀልባው ሻማ አምጥቶ አቀጣጠለ።

«ሲያቃጥልህ ንገረኝ፣ አቆማለሁ።»

«እሺ።»

ሴልዊን አንጠባጠበ። ዳርንሊ ዝም አለ። ሴልዊን ሻማውን ጠጋ አደረገው። ዳርንሊ አሁንም ዝም። የሚጠበስ ሥጋ ሲሸታቸው ሁለቱም ከመንገድ ማዶ ካለው ሱቅ የመጣ የአሳማ ጥብስ መሰላቸው። ሱቁ እሁድ እንደማይከፈት ያስታወሰው ሴልዊን ነው።

ሰሙ ሲላጥ የተረከዙ ቆዳ አብሮት መጣ።

ዳርንሊ ጣቢያ አልሄደም። የጨው ውሃ የማያድነው ነገር የለም ብሎ ጠዋት ጠዋት እየነከረው ሰነበተ። ቁስሉ ሰፍቶ ጠርዙ ሲጠቁርና የአልጋ ልብሱን ማርጠብ ሲጀምር ግን፣ ንጹሕ ካልሲ አጥልቆ ሲስተር ማርቫ ፊት ተቀመጠ።

«ክርሽ ተሳስቷል» አላት።

ሲስተር ማርቫ ካልሲውን አውልቃ ተረከዙን አየች። አልጮኸችም። «ክሩ?»

«አርጅቶ ይሆናል። እስቲ ደግመሽ ለኪኝ።»

«እንግዲያው ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

ጨፈነ። ውጭ አንድ አውቶቡስ ጥሩንባውን እየነፋ አለፈ። ሹፌሩ ማርሽ ሲቀይር ቸኩሏል ብሎ ታዘበው። ኮሪደሩ ላይ አንዲት ሴት አሳለች። ጠበቀ።

«ጀምሪ እንጂ፣ እህቴ።»

«ጨርሻለሁ» አለችው። «ሁለቱንም እግርዎን።»

ዳርንሊ ዓይኑን ገለጠ፤ ፊቷን ግን አላየም። የሞተውን ሥጋ እየቆረጠች ስታነሳ ቁልቁል ይመለከታል፣ የሌላ ሰው እግር የሚታከም ይመስል።

«ይቆረጣል?»

«በቀጠሮዎ ከመጡና በተረከዙ ካልረገጡ ይተርፍ ይሆናል። ዛሬ ከዚህ በላይ ቃል አልገባም።»

«ባሕሩስ?»

«እስኪዘጋ አይታሰብም። ከዘጋም በኋላ በጎማ ጫማ።»

«መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው!»

«ሳቅ አያቆስልም» አለችና ፋይሉ ላይ ቀዩን ምልክት ለጠፈችበት።

ቁስሉ ለመዝጋት አልቸኮለም። ዳርንሊ በክራንች እያነከሰ ባሕሩን ከተገለበጠ ጀልባ ላይ ተቀምጦ አየ፤ የጓደኞቹንም ልብስ ጠበቀ። በመጨረሻ አዲስ ሮዝ ቆዳ ተረከዙን ሸፈነው፤ ሲስተር ማርቫም አገላብጣ አይታ ፈቀደች።

የጎማ ጫማውን አጥልቆ አሸዋው ላይ ብቅ ሲል ውሃ ውስጥ የነበሩት ሁሉ አስካኩ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ጌታዬ! ሆቴልዎ የት ነው?»

«ፎቶ እናንሳዎት ወይ?»

ዳርንሊ ሁሉንም በስማቸው እየጠራ ሰደባቸውና ገባ። ሴልዊን ከሁሉም አብልጦ ስቆ ነበር። ሌሎቹ ወሬ ሲይዙ ግን ቀስ ብሎ ዳርንሊ አጠገብ መጣና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስማ፣ እኔም ልለካ ብል... ያ የሲስተር ማርቫ ክር ያማል እንዴ?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?» አለ ዳርንሊ።