ምሰሶዎቹ ባርኔጣ ያደረጉ ጊዜ

ጎረቤቴ ኒየም የሰደበኝ በጨረቃ አቆጣጠር በሁለተኛው ወር፣ በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የአባቱ ሙት ዓመት ነበር። ከበሩ ሦስተኛው ገበታ ላይ ተቀምጬ የዳክዬ ሥጋ በሩዝ ቂጣ ጠቅልዬ ወደ አፌ ሳስጠጋ፣ እሱ ከዋናው ገበታ ሆኖ እንዲህ አለ፦

«የቱክን ተክል አያችሁት? ፀሐይ ለሁላችን እኩል ትወጣለች። መርጣ የምታቃጥለው ግን የእሱን ነው። ፀሐይም ሰው ታውቃለች።»

አሥራ አንድ ሰው ሳቀ። ስማቸውን አንድ በአንድ መጥራት እችላለሁ። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር አጎት ታም ሳቀ። የሚስቴ አጎት ሳቀ። ሞተር ብስክሌት ጠጋኙ ሉም አፉ ሞልቶ ስለነበር ወዲያው መሳቅ አልቻለም፤ የጎረሰውን ውጦ ሲያበቃ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። ጥቅልሉን ሳልበላ ሳህኑ ላይ መለስኩት።

በእኛ አገር የዘንዶ ፍሬ የሲሚንቶ ምሰሶ ተደግፎ ይወጣና ከምሰሶው አናት ላይ እንደ ፀጉር ወደ ታች ይዘናፈላል። ፍሬ የሚይዘው ያ የተዘናፈለው ነው። በደረቁ ወራት ፀሐይ አናት አናቱን ስትለው መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ይበሰብሳል። ስለዚህ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የምሰሶውን አናት በሩዝ ጭድ ያለብሳል። እኔም ጭዴን ከምሬ ነበር። ክምሩን የበላችው የኒየም ላም ናት። ኒየም «ላሜ አጥር አልዘለለችም» ይላል። ላም አጥር ሳትዘል የሰው ጭድ ከበላች፣ ጭዱ ራሱ ተነሥቶ ወደ እሷ ሄዷል ማለት ነው።

ያን ቀን ቤት ስገባ ሚስቴ ቢክ ፊቴን አየችው። ሲመሻሽ፣ «የልጆቹ አባት፣ ጭድ የለህም። ቆጥ ላይ ግን የእናቴ ባርኔጣዎች አሉ» አለችኝ።

አማቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ባርኔጣ ሰፊ ነበረች። ዓይኗ ከደከመ በኋላ የሰፋቻቸው ሾጣጣ የዘንባባ ባርኔጣዎች ጠማማ ስለሆኑ ገበያ ሳይወጡ ቀሩ። ከሁለት መቶ አያንሱም። የእኔ ምሰሶዎች መቶ ሰማንያ ስድስት ናቸው።

«ሟች ምን ትለናለች?» አልኳት።

«እየሞተች እንኳ ‹ራስ አጡ› እያለች ታዝንላቸው ነበር። አገኙ በላት።»

ሁለት ቀን ሙሉ በየምሰሶው አናት ላይ ባርኔጣ ደፋሁ፤ የአገጭ ማሰሪያቸውን ከግንዱ ጋር አጥብቄ አሰርኩ። ሲያልቅ ማሳው ሰልፍ የወጡ አሮጊቶች መሰለ። በዚያው ወር በሃያ አንደኛው ቀን ኒየም በሞተር ብስክሌት ሲያልፍ አቆመ።

«ቱክ፣ ከእነዚህ ውስጥ ሚስትህ የትኛዋ ናት? ሰላም ሳልላት እንዳላልፍ።»

«ዝም ያላለችዋ ናት» ብለው ኖሮ ጥሩ ነበር። ይህ መልስ የመጣልኝ ግን ከሦስት ቀን በኋላ ነው። በሰዓቱ ያልኩት፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድም ኒየም» ነው።

ከዚያ ነፋሱ መጣ። የባሕር ዳር ነፋሳችን በየዓመቱ አለ፤ ያን ዓመት ግን ጭዱን ሁሉ ከየምሰሶው ገፍፎ ወሰደው። ጭድ የአገጭ ማሰሪያ የለውም። በአሥር ቀን ውስጥ የኒየም ስምንት መቶ ምሰሶዎች አናታቸው ቢጫ ሆነ። የእኔ ከባርኔጣው ሥር መልሰው አረንጓዴ ሆኑ። እውነቱን ልናገር፣ በየጠዋቱ ወደ አጥሩ ሄጄ ቢጫውን አይ ነበር። ቁርስ አልፈለግሁም።

አጎት ታም ይህን ሰምቶ መጣ። ኒየም አብሮት ነበር። አጎት ታም አንዱን ባርኔጣ እንደ ሕፃን ራስ ዳሰሰና፣ «ሐሳቡ የማን ነው?» ሲል ጠየቀ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ኒየም፣ «ከቱክ ጋር ስንመካከርበት ነበር» አለ።

የተመካከርነው ሚስቴ የትኛዋ እንደሆነች ብቻ ነው።

በሳምንቱ ኒየም ከፋን ቲየት ከተማ ገበያ ስምንት መቶ አዲስ ባርኔጣ በጭነት መኪና አስመጣ። የአገጭ ማሰሪያቸው ሐምራዊ ሐር ነው። ሌላውም ተከተለው። ሦስተኛው ወር ሳያልቅ በወረዳው ሁሉ ለሴት ራስ የሚሆን አንድም ባርኔጣ ጠፋ። ሴቶቹ ሳፋ ደፍተው ገበያ ይወጡ ጀመር። የደፈሩት ደግሞ ሲያልፉ ከምሰሶ ላይ ያነሡና ሲመለሱ መልሰው ያኖሩታል። ማኅበሩ ይህን ሲደርስበት ባርኔጣዎቹ በሙሉ በቀይ ቀለም የየምሰሶው ቁጥር እንዲጻፍባቸው ወሰነ፤ ሉምንም ጠባቂ አደረገው። ሉም መፍቻውን ጥሎ መንገድ ዳር ወንበር ዘረጋ።

ቢክን አስቆማት። ያደረገችው የራሷን፣ የአምስት ዓመት ባርኔጣዋን ነው።

«ቁጥርሽ ስንት ነው?»

«ቁጥር የለኝም፣ ራስ ነው ያለኝ።»

«ራስ ያለው ሁሉ የእኔ ነው ይላል፣ እትዬ ቢክ። ምሰሶዎቹም ራስ አላቸው።»

«እንግዲያው እነሱን ጠይቃቸው።»

«ጠይቄያለሁ። የኒየም ስድስት መቶ አሥራ ሁለተኛው ባዶ ራሱን ነው የቆመው።»

ባዶ ራሷን ቤት ገባች። ባርኔጣዋ ስድስት መቶ አሥራ ሁለተኛው ምሰሶ ላይ ወጣ። ከአጥሩ በዚህ በኩል ሆነን ይታየን ነበር፤ በቀለሙና በተጣፈበት ቦታ አወቅነው። ሄጄ ላመጣው ስነሣ ያዘችኝ። «ተወው። ከእኔ ይልቅ ለእሱ ያምርበታል» አለች። ይህንንም ከነቀኑ ይዤዋለሁ፤ የሦስተኛው ወር ሃያ ስድስት።

በአራተኛው ወር አምስተኛ ቀን ማኅበሩ ሰሌዳ ተከለ። «በኒየም ዘዴ የለማ የጥላ ማሳያ» ይላል። የኒየም ማሳ በመንገዱ በኩል ቦይ ስላለው ሰሌዳ አይተከልበትም ተባለና ድንበሩ ላይ፣ በእኔ በኩል ተከሉት። መንገደኛ ሲያይ የኒየም ዘዴ የሚለው የእኔን መቶ ሰማንያ ስድስት ምሰሶ ነው። አጎት ታም ፎቶ አነሣ። እኔንም ከሰሌዳው አጠገብ አቁሞ አነሣኝ።

ሄደው ሳይጨርሱ ባርኔጣዎቹን ማውለቅ ጀመርኩ። ማሰሪያውን ለመፍታት ትዕግሥት ስላልነበረኝ በማጭድ እየቆረጥኩ ነው። እኩለ ቀን ላይ አንድም አልቀረም። ኒየም ከአጥሩ ማዶ አየኝ።

«ቱክ፣ ይቃጠላል እኮ።»

«ይቃጠል» አልኩት።

ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ስለ ወቅቱ አላሰብኩም፣ ደመናም አላየሁም። በገዛ ማሳዬ የኒየም ዘዴ ከምባል የዘንዶ ፍሬዬ ይረር ብዬ ነው።

ከአራት ቀን በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ዘነበ። ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት የእኔ ማሳ እንቡጥ አወጣ። እንዲያ ያለ እንቡጥ በሕይወቴ አላየሁም፤ በየቅርንጫፉ ጫፍ እንደ ወፍ ምንቃር ተሰካክቶ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ያሉት የኒየም ስምንት መቶ ምሰሶዎች ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ወፍረው፣ ጠቁረው፣ ለምልመው ቆመዋል። እንቡጥ የለም፤ ፀሐይ አላገኙም። በልቶ የሚተኛ ሰው ሆነዋል። የአጎት ታምም እንደዚያው፤ የሌላውም እንደዚያው።

ማኅበሩ ተሰበሰበ። እኔ አልተጠራሁም፤ ያወራልኝ የሚስቴ አጎት ነው። አንዱ «እናውልቀው» ቢል ኒየም፣ «ነፋሱ ጭዱን የወሰደ ጊዜ የሆነውን ረሳኸው?» አለው። አጎት ታም፣ «ዘዴው ስለ መድፋት እንጂ ስለ ማውለቅ አይናገርም» አለ። ስለዚህ ሳይወልቅ ፀሐይ የሚያስገባ መላ ተፈለገ።

በመጀመሪያ ባርኔጣዎቹን ገለበጧቸው። ዝናብ ሞላቸው፤ በሦስተኛው ቀን እንቁራሪት ገባባቸው። ከዚያ ማዘንበል መጣ። ጠዋት ወደ ምዕራብ አዘንብለው ከምሥራቅ ብርሃን ያስገባሉ፣ ከሰዓት ወደ ምሥራቅ ይመልሱታል። ፀሐይዋን ተከትለው እንዲያስተካክሉት በየሰዓቱ ሉም ደወል ይደውላል። የኒየም አሥራ ሁለት ሠራተኞች ስምንት መቶውን አዘንብለው ሳይጨርሱ ሰዓቱ ይሞላና እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። የመጨረሻው መስመር ሁልጊዜ ከፀሐይዋ ሁለት ሰዓት ይዘገያል። ስለዚህ እንዲሮጡ ታዘዙ። አንድ ቀን አጥሩ ላይ ተደግፌ ሳይ፣ ኒየም ራሱ በስድሳ ዓመቱ እያለከለከ ሲሮጥ አየሁት። አዘንኩለት ማለት አልችልም። ግን አልሳቅሁም።

ምን እንደሚያስጨንቀው አውቃለሁ። እስከ አምስተኛው ወር አጋማሽ እንቡጥ ካልወጣ የዋናው ወቅት ፍሬ አለቀ ማለት ነው። ኒየም ከእነዚያ ምሰሶዎች ሌላ ምንም የለውም፤ ላሟም ብትሆን የምትበላው የሰው ጭድ ነው። እኔም የምፈልገውን አውቃለሁ። ለቢክ ነግሬያታለሁ። «የሙት ዓመቱ ቀን የሳቁት ባሉበት የተናገረኝን ይመልሰው። ያን ጊዜ ይጠይቀኝ፣ የማውቀውን ሁሉ እነግረዋለሁ።»

«የምታውቀው ምንድነው?» አለችኝ።

«ይመልሰውና እናያለን።»

በአምስተኛው ወር ሁለተኛ ቀን ጠዋት መጣ። አጎት ታም፣ ሉምና ሌሎች ሰባት ሰዎች አብረውት ነበሩ። ቆጠርኳቸው፤ ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ናቸው። እኔ የበዛውን እንቡጥ እየቀነስኩ ነበር። ኒየም በእጁ አራት መቶ አሥራ ሰባት ቁጥር የተጻፈበት ባርኔጣ ይዟል። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«ቱክ፣ ወንድሜ፣» አለኝ። ወንድሜ ብሎኝ አያውቅም። «ባርኔጣውን ያወለቅህበትን ቀን ቆጥረናል። ከዝናቡ አራት ቀን አስቀድመህ ነው። ምን አይተህ አወቅህ? ንገረን።»

«መጀመሪያ የሁለተኛውን ወር አሥራ ስድስተኛ ቀን ንገረኝ» አልኩት።

«ምን ነበር?»

«የአባትህ ሙት ዓመት።»

«ልክ ነህ። እንዴ፣ ምነው? ምግቡ ጎደለ?»

«ያልከኝን ንገረኝ።»

ወደ አጎት ታም ዞረ። አጎት ታም ወደ ሉም ዞረ። ሉም ጫማውን አየ። ኒየም እየዋሸ አልነበረም፤ ሲዋሽ አውቀዋለሁ፣ ስለ ላሟ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላል። ጆሮው አልቀላም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል እሰማ ነበር፤ ሰው ግን እንዲህ አድርጎ ይረሳል ብዬ አላስብም ነበር። እኔ ሰዓቱን ሳይቀር ይዤለት።

«ተናግሬህ እንደሆነ ይቅር በለኝ፣» አለ ኒየም። «ምን እንዳልኩ ብቻ አስታውሰኝ፣ እዚሁ ሰው ፊት እመልሰዋለሁ። አንድም ቃል አላስቀርም።»

ዘጠኙም ይጠብቁኝ ነበር። ስድቡ አፌ ውስጥ ነበር። ፀሐይ ለሁላችን እኩል ትወጣለች ብዬ ልጀምር አልኩና ሉምን አየሁት። ሉም ከወዲሁ ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነክሷል። ስድቡ ጥሩ ስድብ ነው፤ ብናገረው ይስቃሉ። በገዛ አፌ፣ በገዛ ማሳዬ።

«እሺ ተወው እሱን፣» አለ አጎት ታም። «የማውለቂያውን ምልክት ንገረን፣ ልጄ። ነፋስ ነው? የጉንዳን መንገድ ነው? ሰው ሊራብ ነው እኮ። ምን አይተህ ነው ያወለቅኸው?»

ሰሌዳውን አይቼ ነው። የኒየምን ስም አይቼ። ይህን ብናገር ኒየም የሚለውን አውቃለሁ፣ እውነትም ይኖረዋል፤ «እኔ ባልኖር ባላወለቅህ ነበር» ይለኛል። ሰሌዳው ላይ ሁለተኛ መስመር ይጨመራል።

«ቱክ፣» አለ ኒየም፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨብጦ። «በአባቴ ነፍስ ልለምንህ።»

ማጭዴን ወገቤ ላይ ሻጥኩና፣ ስድቡንም ምክንያቱንም ለራሴ ይዤ፣ በመስመሮቹ መካከል ወደ ቤቴ ሄድኩ።