ገዥውን በስልክ የገሠጽኩበት ቀን

ይህ ታሪክ ውሸት ከሆነ ምላሴ ይቆረጥ! ታናሽ ወንድሜ ጉዲና የመርከብ ምግብ አብሳይ ነበር። እንግሊዝ በምትገዛት አንዲት ትንሽ ደሴት ታስሮ፣ ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ሁለት ዓመት አለፈው። ጠዋት ጠዋት ደውሎ “ጋሼ፣ በላህ?” የሚለኝ ድምፁ ከቀረ ወዲህ እህል አይጥመኝም።

የደሴቲቱ ሰዎች “የፍርድ ሥርዓታችን ይሻሻል!” ብለው ሰልፍ መውጣታቸውን እንደሰማሁ፣ ከፍሉግሃፈን፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው የሻንጣ ሥራዬ፣ በርሬ ጻይልስሃይም ሰፈር ያለው ቤቴ ገባሁ። ለሽምግልና እንደሚሄድ ሰው ጋቢዬን ደርቤ፣ ቆሜ ለገዥው ደወልኩ።

“ስማ አንተ! በእኛ አገር ሌባ እንኳ ዋርካ ሥር በዕለቱ ይዳኛል። ሕጋችሁን ዛሬውኑ አስተካክላችሁ ወንድሜን ላኩልኝ!” አልኩት።

ገዥው ተንቀጠቀጠ። ሰባት ዳኞች ስልኩን ከእጁ እየተቀባበሉ፣ ተራ በተራ እያለቀሱ ይቅርታ ጠየቁኝ።

ይህን እሑድ ከአምልኮ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ስተርክ ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ባለቤቴ ሚልካ ግን ጠጋ ብላ እጄን ያዘችኝ።

“ኧረ ተው ክንፈ፣” አለችኝ በቀስታ። “አጠገብህ ነበርኩ እኮ። ስልኩን ያነሳው የለም። መልእክት መቀበያው ላይ ‘ጉዲናዬ፣ ናፈቅኸኝ’ ከማለት በቀር ምንም አልቻልክም።”