ቀኙ ግራዬ መስሎኝ

ራሳችንን ችለን ክልል ሆነን ለቤተ መጻሕፍታችን ኮምፒዩተር የገባ ሰሞን ነው። ተከራዬ አቢጋኤል ወባ ጥሏት ለነገ ፈተና የምታጠናውን የአዋላጅነት መጽሐፍ እንዳመጣላት ላከችኝ። የቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ ሊና ስሙን ስትጽፍ ኮምፒዩተሩ ላይ የመደርደሪያዎቹ ካርታ መጣ፤ በቀኝ በኩልም ቀይ ነጥብ በራ። መጽሐፉን በአቢጋኤል ስም መዝግባ ተነሣች።

“እማማ፣ እኔ ላምጣልዎት።”

“እግር የለኝም አልኩሽ? ተቀመጪ!”

ማንበብ እንደማልችል እንዳታውቅብኝ ነው። ካርታው ፊት ለፊቴ እንደቆመ ሰው ቀኙ ግራዬ መሰለኝና ወደ ግራ ሄድኩ። እዚያ ያገኘሁትን ወፍራም መጽሐፍ ነጠላዬ ውስጥ ከትቼ፣ ሊናን ሳላሳያት ውልቅ አልኩ።

አቢጋኤል እየተንቀጠቀጠች ገለጠችውና ቀና ብላ አየችኝ።

“ምነው፣ አይደለም እንዴ?”

“ነው እማማ፣ እግዜር ይስጥልኝ” ብላ ማንበብ ጀመረች።

ጎንበስ ብዬ ባይ የጫጩት ሥዕል! ፊደል ባላውቅ ጫጩት ይጠፋኛል? ልጅቷ እኔን ላለማሳፈር ፈተናዋን ልትወድቅ ነው። ከወባው ይልቅ የእኔ ኩራት ሊጥላት!

“አንቺ ጅል፣ ስለ እኔ ማፈር ምን አገባሽ?” ብዬ መጽሐፉን ነጠቅኳት። በዚያ ፀሐይ እያለከለክሁ ስመለስ ሊና ለምሳ ልትዘጋ ቁልፉን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ከውስጥ የሚወጡት ተማሪዎች እየሰሙ፣ “ልጄ፣ ፊደል አልቆጠርኩም፤ መጽሐፉን አንቺው አውጪልኝ” አልኳት።

አንዱ ጎረምሳ ሳቀ። ሌላ ቀን ቢሆን አፉን አስይዘው ነበር። ያን ዕለት ግን ይበለኝ ብዬ ሊናን ተከትዬ ገባሁ።